መረዝናኛ

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ብለው ቢጠይቋት፣
«እናቴ ፈረስ ናት» አለች፤ ያው ልማዷ ናት።
እኔም ይህን ቃል ይዤ አንድ ማታ ጠየቅሁት፣
«ኢንፎቴይንመንት ሆይ፣ ዘርህን ቁጠር» አልሁት።
ዜና ነኝ እንዳይል፣ ወገቡ አላርፍ ብሎታል፤
ጨዋታ ነኝ እንዳይል፣ ከረባት አንገቱን አንቆታል።

በኛ ቋንቋ ልስፋው ብዬ መቀስ አነሳሁ፤
መረጃን ከወገቧ፣ መዝናኛን ካንገቷ ቆርጬ፣
አንዷን ካንዷ ሰፋሁ፦
መረ — ዝናኛ።
ጮክ ብዬ አነበብሁት።
መርፌዬን አስቀመጥሁት።
ሰሙን ገና ሳላሞቀው ወርቁ ጣቴን ፈጀው።

መዝገበ ቃላት ሁለት መስመር ሰጥቶታል፤
አጠቃቀሙን ግን ኮረብታው ያውቃል።

ቫልፓራይሶ፣ ቺሊ። ከጧቱ አንድ ሰዓት ከአርባ።
ባሕሩ ከታች፣ መንደሮቹ ከላይ፣ ጭሱ መሐል።
ስቱዲዮው ውስጥ ሰማዩ የተቀባ ነው፤ ንፋስ አያውቀውም።
ሶፋው ብርቱካንማ። ከሶፋው አምስት እርምጃ ምድጃ፤
ሼፉ አቮካዶ ይልጣል።
ከግርጌ ቀይ ጥብጣብ ይሮጣል፦
«እሳቱ ሦስተኛውን ኮረብታ ያዘ»፣
ከሥሩ የጥርስ ሳሙና ዋጋ።

ዶኛ ኤድልሚራ ሶፋው ጫፍ ላይ ናት፣
ይውጠኛል ብላ እንደሆነ እንጃ፣ ጀርባዋን አላስደገፈችም።
ፊቷን ዱቄት ቀብተዋታል፤
ግንባሯ ላይ ያለውን ጥላሸት ግን
«እሱ ይቆይ፣ ያምራል» ብለው ትተውታል።
በእጇ ቁልፍ ይዛለች። በሩ የለም።

ኮንሱኤሎ አንገቷን ዘንበል አድርጋ
(ዘንበሉ በልምምድ የተለካ ነው)
«ቤትሽ ሲነድ ስታዪ ምን ተሰማሽ?» አለቻት።

ኤድልሚራ የመጣችው የተሰማትን ልትናገር አይደለም።
«ቧንቧው» አለች፤ «የላይኛው መንደር ቧንቧ ደርቋል።
ሰው አለ እዚያ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው። ቦቴው...»

በኦስባልዶ ጆሮ የአዘጋጁ ድምፅ፦
«ፒያኖ! ፒያኖውን አስገባ። ቁልፉን አቅርባችሁ አሳዩኝ።
ቧንቧ ማን ያያል? ወደ ምድጃው እንሻገር።»

ኦስባልዶ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ድምፅ ቀማሚ ነው።
ለጎርፍ ቫዮሊን፣ ለቀብር ፒያኖ፣ ለምርጫ ከበሮ፣
ለኑሮ ውድነት ያቺን የምታስቅ ጥሩምባ።
ለቅሶን በጣቱ ያውቃታል፤
የት ላይ ከፍ፣ የት ላይ ዝቅ እንደምትል።
ያን ቀን ጣቱ እምቢ አለው።
ካሜራው ወደ ምድጃው ዞረ፤
የሴትዮዋ ማይክ ሳይዘጋ ቀረ።

ሀገር ቁርሱ ላይ ሆኖ አየ፦
ሽንኩርት ዘይት ላይ ሲወርድ፣
«ዶን ፍሮይላን መራመድ አይችልም»፤
ሎሚ ሲጨመቅ፣
«ከቢጫው ቤት ጀርባ ነው፤ ውሻው ይጮኻል፣
በውሻው ታገኙታላችሁ»፤
ጨው በሦስት ጣት ሲነሰነስ፣
«በግራ ውጡ። የቀኙ መንገድ ነዷል።»
ሼፉ ቢላውን ይዞ ቆመ።
አቮካዶው እጁ ላይ ጠቆረ።

አርባ ሰከንድ።
በቅሎዋ በዕድሜዋ አንዴ
እናቷንም አባቷንም በስማቸው ጠራች።

ቦቴው በቀትር ወጣ የሚሉ አሉ።
አልወጣም የሚሉም አሉ።
ስለ ውሻው የጠየቀ የለም።
ኦስባልዶን ወደ ሌሊቱ ሎተሪ አዛወሩት፤
ኳሶች ሲንከባለሉ እያዳመጠ ያነጋል።

አንድ ሌሊት፣ በሁለት ዕጣ መካከል፣ ስልኩን ከፈተ።
ያቺው አርባ ሰከንድ፣ ሽንኩርቱ፣ ድምፁ፣ ጥላሸቱ።
ሚሊዮን ሰው አይቷታል።
አንድ የማያውቀው ሰው
ከሥሯ ፒያኖ አስገብቶባታል።

ሙያ ነውና አይዋሽም፤
እሱም ቢሆን እዚያው ጋ ነበር የሚያስገባው፣
«በውሻው ታገኙታላችሁ» ከምትለው ላይ።

አለቀሰ።
ከዚያ ጣቱ፣ ሳያዘው፣
ደግሞ ከፈተው።